ለአሮጌ መኪና ካንዴላ፦ «ውድ ግዙ፣ ቀዝቃዛ ምረጡ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ» ለሚለው ምክር ምላሽ

ሰሞኑን በባለ ላዳና በባለ ቮልስ ዘንድ እየተዘዋወረ ያለ አንድ የምክር ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አሮጌ መኪና ነዳጅ ካበዛ፣ ጉልበት ካነሰው ወይም ጠዋት አልነሳ ካለ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ይቀየር። ሲቀየርም ኢሪዲየም ይሁን፤ አገራችን ሞቃት ስለሆነች ቁጥሩ ከፍ ያለው «ቀዝቃዛ» ካንዴላ ይመረጥ፤ ጥርሱ ከገባ ልኩ ነው፤ ክፍተቱ ሰፋ ቢደረግ ብልጭታው ይጠነክራል፤ «አር» የሚል ፊደል ያለበት ብልጭታ ስለሚቀንስ አይገዛ፤ የጠቆረው በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ በእሳት ይለብለብ፤ ሲገጠም ጥርሱ ግራሶ ተቀብቶ አቅም እስከፈቀደ ይጥበቅ።

ጸሐፊው ለአንባቢው አስቦ እንደጻፈው ያስታውቃል። አራቱም ካንዴላዎች በአንድ ጊዜ ይቀየሩ ማለቱም ትክክል ነው። ከቀሩት ምክሮች አንዳንዶቹ ግን ገንዘብ ከማባከን አልፈው ቴስታታ (ካንዴላው የሚታሰርበትን የሞተር ራስ) ያበላሻሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት። ስለዚህ ምክሮቹን በጽሑፉ ቅደም ተከተል ሳይሆን በሚያደርሱት ጉዳት መጠን እንያቸው።

«ጥርሱ ከገባ ልኩ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የላዳም የቮልስም ካንዴላ ውፍረቱ 14 ሚሜ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሜ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የካንዴላ መፍቻ፣ በ20.8 ሚሜው ይፈታሉ። ስለዚህ የአንዱ ካንዴላ በሌላው ላይ ምንም ሳያስቸግር ይሽከረከራል። የሚለያዩት በጥርሱ ርዝመት ነው፤ የላዳው 19 ሚሜ፣ የቮልሱ 12.7 ሚሜ ነው።

ረጅሙ ካንዴላ ቮልስ ላይ ሲታሰር 6 ሚሜ ያህል ጥርስ ወደ ማቃጠያው ክፍል ዘልቆ ይገባል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ሊመታው ይችላል። ባይመታው እንኳ የተራቆተው ጥርስ ይግልና የብልጭታውን ጊዜ ሳይጠብቅ ነዳጁን ያቀጣጥለዋል። በዚያ ላይ ካርቦን ይጋገርበታል፤ በሚፈታበት ጊዜም ያ የተጋገረ ካርቦን የቴስታታውን ጥርስ እየላጠ ይወጣል።

አጭሩ ካንዴላ ላዳ ላይ ሲገባ ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ትክክለኛውን የገዛ ይመስለዋል። ብልጭታው ግን ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀር ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ካንዴላው ያልደረሰበትን የቴስታታ ጥርስም ካርቦን ይሞላዋል። ከጊዜ በኋላ ትክክለኛው ረጅም ካንዴላ ሲገባ መንገድ ላይ ይነክሳል። ያን ጊዜ በጉልበት ከተገፋ ጥርሱ አለቀለት።

ከመግዛታችሁ በፊት ከሮንዴላው (ከማሸጊያ ቀለበቱ) ሥር እስከ ጥርሱ መጨረሻ ድረስ ለኩ፤ ተራ ማስመሪያ ይበቃል። ከዚያም ፊደሉን አንብቡ። በኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኢ» (E) ካለ 19 ሚሜ፣ «ኤች» (H) ካለ 12.7 ሚሜ ነው። ለላዳ ቢፒ6ኢኤስ፣ ለቮልስ ቢ6ኤችኤስ ወይም ቢ5ኤችኤስ የሚባለው ለዚህ ነው። በቦሽ ደብሊው7ዲሲ ላይ ያለው «ዲ» (D) 19 ሚሜ ሲሆን፣ በደብሊው8ኤሲ ላይ ያለው «ኤ» (A) 12.7 ሚሜ ነው። በቻምፒዮን በ«ኤን» የሚጀምረው ረጅም፣ በ«ኤል» የሚጀምረው አጭር ነው። መለዋወጫ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

«ግራሶ ቀብታችሁ አቅም እስከፈቀደ አጥብቁ»

የጽሑፉ ምክንያት ካንዴላው እንዳይላላ ነው። የላላ ካንዴላ ጉዳት እንዳለው አንክድም። ካንዴላው ሙቀቱን የሚያስወጣው በጥርሱና በሮንዴላው በኩል ወደ ቴስታታው በማስተላለፍ ነው። ከላላ ይህ መንገድ ይቋረጥና ጫፉ ከልክ በላይ ይግላል። ጭሱም በጥርሱ መካከል «ጭስ ጭስ» እያለ ሲያመልጥ ይሰማል። ግን ለዚህ መድኃኒቱ ልክ አድርጎ ማሰር ነው።

ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ካንዴላው ብረት ነው፤ ሲታገሉ የሚሸነፈው ምንጊዜም ቴስታታው ነው። ለ14 ሚሜ ካንዴላ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ የላዳ የጥገና መመሪያ እስከ 39 ድረስ ይፈቅዳል። 30 ኒውተን ሜትር ማለት በ20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል መግፋት ነው። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው እጀታው ላይ ቱቦ ተሰክቶ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ያው ግፊት 90 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ያኔ የካንዴላው አንገት ይበጠሳል፣ ወይም የቴስታታው ጥርስ ይሳባል።

ልክ የሚያሳይ መፍቻ የሌለው ሰው በሮንዴላው ይመራ። አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቀመጥ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ በመፍቻ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጠብቃል፤ ይኸው ነው። ያ ግማሽ ዙር የሮንዴላውን ሆድ ይጨፈልቀዋል፤ ሲጨፈለቅ በእጅ ይታወቃል። ቀድሞ የታሰረ ካንዴላ ሮንዴላው አንዴ ስለተጨፈለቀ ከጣት በኋላ የዙር አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ይበቃዋል፤ ሰዓት ላይ ከ12 ወደ 1 እንደማለት ነው።

ግራሶው ችግሩን ያባብሰዋል። የማጥበቂያው ልክ የተሰላው ለደረቅ ጥርስ ነው። ጥርሱ ሲቀባ ሰበቃው ስለሚቀንስ ያው ግፊት ካንዴላውን ከታሰበው በላይ ይስበዋል፤ እጅ «ገና ነው» እያለ ጥርሱ ከልኩ አልፏል። በዚያ ላይ ተራ ግራሶ በሙቀት ይከስልና ጥርሱ ላይ ይደርቃል። የዛሬዎቹ የታወቁ ካንዴላዎች ጥርሳቸው ዝገት እንዳይዘው ተለብጦ ስለሚመጣ ምንም አይቀቡም። ልባጥ የሌለው ጥቁር ጥርስ ያለው ካንዴላ ብቻ ከገጠማችሁ ሙቀት የሚችል ቅባት በጣም በስሱ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ሳይነካ ይቀባል፤ የማጥበቂያው ልክም በሲሶ ይቀነሳል።

ጽሑፉ ዝም ብሎ ያለፈው ነገር አለ፤ አብዛኛው ጥርስ የሚበላው በመጨረሻው ማጥበቂያ ሳይሆን በመጀመሪያው ዙር ነው። ስለዚህ አገጣጠሙን ከነዝርዝሩ እናስቀምጠው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራ፤ ትኩስ እያለ ከተፈታ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ሊበላ ይችላል። ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት ቁጥር ይጻፍባቸው። የማቀጣጠል ተራው በላዳ 1-3-4-2፣ በቮልስ 1-4-3-2 ነው፤ ሁለት ገመድ ከተዘዋወረ ሞተሩ ይተኩሳል። ገመዱ የሚነቀለው ኮፍያው ተይዞ ነው፤ ሽቦው ከተሳበ ውስጡ ይበጠሳል። ካንዴላው ሩብ ዙር ብቻ ይፈታና በዙሪያው ያለው አሸዋና አቧራ በኮምፕሬሰር ንፋስ ይነፋ፤ ይህ ካልተደረገ ያ አሸዋ በቀዳዳው ገብቶ ሲሊንደሩን ይጭረዋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ የወጡት ካንዴላዎችም በሲሊንደር ተራቸው ይደርደሩ፤ ቆይተን የሞተሩን ሁኔታ ከቀለማቸው እናነባለን።

አዲሱን ለማስገባት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የነዳጅ ጎማ ቱቦ ቁረጡና የካንዴላውን ነጭ አንገት ሰክታችሁ በቱቦው አሽከርክሩ። ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ማበላሸት አይቻልም። ቮልስ ላይ ቀዳዳዎቹ በቆርቆሮው ተሸፍነው በማይታዩበት ቦታ ይህ ቱቦ ከማንኛውም መፍቻ ይበልጣል። ከመጀመሩ በፊት ወደ ግራ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም ትንሽ ወደቅ የሚል ስሜት አለ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። 19 ሚሜው ወደ 14 ዙር፣ 12.7 ሚሜው ወደ 9 ዙር በጣት ሊገባ ይገባዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ከቆመ መፍቻ አታንሱ፤ አውጡትና እንደገና ጀምሩ። ቮልስ ላይ ገመዱ ሲመለስ በኮፍያው ዙሪያ ያለው የጎማ ክዳን ቆርቆሮው ላይ መቀመጡን እዩ። እሱ ከጠፋ ማቀዝቀዣው ንፋስ በዚያ ያመልጣል፤ ቮልስ ደግሞ ከንፋስ ሌላ ማቀዝቀዣ የለውም።

ጥርሱ ቀድሞ ከተበላ በጨርቅ፣ በቴፍሎን ክር ወይም በሙጫ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት በአግባቡ ተበስቶ የብረት ቡሽ ይገባበታል። ሳይወርድ መሥራት ቢቻልም የአሉሚኒየሙ ብናኝ ሲሊንደር ውስጥ መውደቁ አይቀርም።

«አገራችን ሞቃት ስለሆነች ቀዝቃዛ ካንዴላ»

«ቀዝቃዛ» ማለት ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍ፣ የውስጥ ሸክላው አጭር የሆነ ካንዴላ ማለት ነው፤ ከአየሩ ጠባይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሸክላው ጫፍ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ የተቀመጠበትን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን አያጸዳም። ከ870 ካለፈ ደግሞ ራሱ እንደ ፍም ሆኖ ነዳጁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥላል። የመኪናው ፋብሪካ ቁጥሩን የመረጠው ጫፉ በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል እንዲውል ነው። የውጭው አየር በ10 ዲግሪ መለዋወጡ እዚያ ውስጥ ምንም አያመጣም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ የጽሑፉ ተቃራኒ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ጂግለሩ (የነዳጁን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ) ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ከሆነ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ስላነሰም ሞተሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ዝቅ ይላል። ጥላሸቱ በዛ፣ የሚያቃጥለው ሙቀት አነሰ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቀዝቃዛ ካንዴላ ሲጨመር፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ እየተመላለሰ በትራፊክ መብራት የሚቆም ታክሲ ካንዴላው በጥቂት ሳምንት ይጠቁራል።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ካርቡሬተሩ ነው፦ የአየር ፊልትሮው ይጽዳ፣ ቾኩ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይታይ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይስተካከል፣ ጂግለሩ አንድ ደረጃ ይነስ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ላዳ አሁንም ከጠቆረ በቢፒ6ኢኤስ ፋንታ አንድ ደረጃ የሚሞቀው ቢፒ5ኢኤስ ይሞከር። ተጭኖ ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ለሚወርድ መኪና ግን የፋብሪካው ቁጥር ይመለስለት።

«ቁጥሩ ከፍ ያለውን ምረጡ» የሚለው ደግሞ ለብቻው አደገኛ ነው። በኤንጂኬ፣ በዴንሶና በሩሲያ ካንዴላ ቁጥር ከፍ ሲል ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በቦሽና በቻምፒዮን ቁጥር ከፍ ሲል ይሞቃል። የኤንጂኬ 6፣ የዴንሶ 20፣ የቦሽ 7፣ የቻምፒዮን 9 እና የሩሲያው ኤ17ዲቪ በሙቀት ደረጃ አንድ አካባቢ ናቸው። በጽሑፉ ተመርቶ ከቦሽ 7 ወደ ቦሽ 9 የሄደ ሰው ቀዝቃዛ ገዛሁ ብሎ ሁለት ደረጃ የሚሞቅ ካንዴላ አስሯል። ዳገት ላይ የሚንኳኳ ሞተርና የተበሳ ፒስተን የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

«ክፍተቱን አስፉት»

ክፍተት ሲሰፋ ብልጭታው ይረዝማል፤ እውነት ነው። ግን ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅም ይጨምራል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። በፑንቲና (ኤሌክትሪኩን በሚቆራርጠው መገናኛ) የሚሠራ አሮጌ ቦቢና (ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ጥቅል ሽቦ) 1.1 ሚሜ ክፍተትን ሚኒሞ ላይ ያልፈው ይሆናል፤ የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሲጎትት ግን ይስታል። ያልዘለለው ቮልቴጅም ዝም ብሎ አይቀርም። ብልጭታውን ለአራቱ ካንዴላዎች በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ወይም በገመዱ ስንጥቅ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ አንዴ የካርቦን መስመር ካሰመረ ክዳኑ ተቀያሪ ሆነ።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ፑንቲና ያለው ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሜ፣ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያለው ላዳ ከ0.7 እስከ 0.8፣ ቮልስ ከ0.6 እስከ 0.7። አዲስ ካንዴላ ከሳጥኑ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ሆኖ ስለሚመጣ ፑንቲና ላለው ላዳ ጠበብ መደረግ አለበት። የሚታጠፈው የጎኑ ብረት ብቻ ነው። ካቻቪቴ ከመሃለኛው ጋር ተደግፎ ከተጎነቆለ ሸክላው ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም። ያገለገለ ካንዴላ በስስ ሰሌዳ ሳይሆን በክብ ሽቦ መለኪያ ይለካ፤ የጎኑ ብረት መሃሉ ስለሚጎደጉድ ሰሌዳው ጠርዝ ለጠርዝ ተቀምጦ ሰፊውን ክፍተት ጠባብ አድርጎ ያሳያል።

ካንዴላ ተለክቶ ፑንቲና ሳይታይ ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው። የላዳው ፑንቲና ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሜ፣ የቮልሱ 0.4 ሚሜ ይከፈታል።

«ኢሪዲየም ነዳጅ ይቆጥባል»

የኢሪዲየም ጥቅሙ መሃለኛው ብረት እጅግ ቀጭን ሆኖም ቶሎ አለማለቁ ነው። ከቀጭን ጫፍ ብልጭታ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይዘላል፤ ስለዚህ ካንዴላው በጠባብ ቦታ ተቀብሮ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይነካ እንዲቆይ ለተሠራ አዲስ ሞተር ተገቢ ነው። በላዳና በቮልስ ላይ ግን ካንዴላው ከማለቁ በፊት በጥላሸት ወይም በዘይት ይበላሻል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ፣ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ውድና ርካሹን አይለይም። ያ ቀጭን ጫፍ ደግሞ ተፍቆ አይጸዳም፣ ይሰበራል። ተራው የኒኬል ካንዴላ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር እየታየ፣ ክፍተቱ እየተስተካከለ ከ20 እስከ 30 ሺህ ይሄዳል። በተረፈው ገንዘብ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳንና ፑንቲና ቢቀየር ለውጡ በነዳጁ ላይ ይታያል።

ውድ ስለሆነም አስመስለው የሚሠሩት ይበዛል። መሃለኛው ብረት ከጎኑ ብረት ጋር ፊት ለፊት ካልገጠመ፣ ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ፣ ሮንዴላውም በቀላሉ ተሽከርክሮ ከወጣ አትግዙት።

«አር ያለበትን አትግዙ»

«አር» ውስጡ 5,000 ኦም ገደማ መቋቋሚያ እንዳለ ያመለክታል። ብልጭታው በሺዎች ቮልት ስለሚዘል ይህ የማቀጣጠል ኃይሉን የሚታወቅ ያህል አይቀንሰውም፤ የሬዲዮን ጩኸት ግን ያጠፋል። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተገጠመለት ላዳ ቢፒአር6ኢኤስ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ፑንቲና ያለውም ቢይዘው አይጎዳም።

«በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ በእሳት ለብልቡ»

የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ሸክላውና ቅርፊቱ መካከል ባለው ጠባብ ጉድጓድ ይቀራል፤ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶም ይፈጫል። የብረት ብሩሽም ሸክላው ላይ የብረት መስመር ይተዋል፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ መስመር ተንሸራቶ ስለሚያመልጥ ንጹሕ የሚመስለው ካንዴላ አይተኩስም። በእሳት መለብለብ ደግሞ ሸክላውን ባንድ በኩል ብቻ ስለሚያግለው ይሰነጥቀዋል፤ ቤንዚን አርከፍክፎ መለኮስማ ሰው ያቃጥላል።

ደረቅ ጥላሸት በለስላሳ የፕላስቲክ ብሩሽና በትንሽ ቤንዚን፣ ከእሳት ርቆ ይታጠብ፤ ጉድጓዱ በእንጨት ስንጥር ይጠረግ፤ በኮምፕሬሰር ንፋስ ይድረቅ። የብረቶቹ ጠርዝ ከዶለዶመ በትንሽ ሞረድ ሹል ይደረግ፤ ብልጭታ ከሹል ጠርዝ ይቀልለዋል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ወይም ዘይት ጠጥቶ ከጠቆረ ይጣል።

«ነዳጅ ካበዛ፣ ጉልበት ካነሰው ካንዴላ ይቀየር»

ይቀየር፤ መጀመሪያ ግን ይነበብ። በተራ የደረደርናቸውን አራቱን እንመልከት። የሚነበቡት መኪናው ከተማ ውስጥ ሲቆም ሲነሳ ውሎ ሳይሆን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ ተነድቶ ወዲያው ከጠፋ በኋላ ነው። ሸክላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ነጭና አረፋ የነካው ዓይነት ከሆነ ካንዴላው በጣም ሞቃት ነው፣ ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይም የማቀጣጠያ ጊዜው ቀድሟል። ደረቅ ጥቁር የነዳጅ መብዛት ወይም የብልጭታ መድከም ነው። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘይት ነው፤ በፋሻ ወይም በቫልቭ ላስቲክ በኩል ይመጣል።

ዋናው ጥያቄ ስንቶቹ ጠቆሩ የሚለው ነው። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ጥፋቱ አራቱ በጋራ ከሚጠቀሙበት፣ ከካርቡሬተር፣ ከፊልትሮ፣ ከቾክ፣ ከፑንቲና ወይም ከቦቢና ነው። ቦቢናው በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ተገላብጠው እንዳይሆን ይታይ፤ ከተገላበጡ መኪናው ይነሳል፣ ብልጭታው ግን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል።

አንዱ ብቻ ከጠቆረ ያንን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩና ጥቂት ቀን ንዱ። ጥቁረቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ይቀየር። በዚያው ሲሊንደር ከቀረ የዚያን ሲሊንደር ገመድ በሌላ ቀይራችሁ እዩ። ከዚያም ካለፈ ሞተሩ ሙቅ እያለ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አምቆ የሚይዘው ግፊት) ይለካ፤ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የቦቢናው ዋና ገመድ ከሞተሩ አካል ጋር ታስሮ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ። የዚያ ሲሊንደር ልክ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካ። ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።